የእንግሊዝኛ ፍርሃት በሕፃናት ዘንድ፤ እንዴት ይጠየቃል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው የተፈጸመ ጥናት ይዘን አይደለም። በወልድያ ከተማና በሀብሩ ወረዳ የሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሲማሩ የሚያድርባቸውን ፍርሃት ለመመርመር ተነሣን፤ መርሳ ወርደን በጥቂት ክፍሎች ውስጥ ተቀመጥን፤ መጠይቃችንን እንደ ያዝነው ተመለስን። የምንነግራችሁ ለምን እንደ ተመለስን ነው።

መጠይቁ የእኛ ድርሰት አይደለም። ኢሌን ሆርዊትዝ፥ ማይክል ሆርዊትዝና ጆአን ኮፕ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 33 ዐረፍተ ነገር መለኪያ ነው፤ በዚህ ነገር የሚመራመር ሁሉ አንድ ጊዜ ሳያነሣው አያልፍም። ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አፍ አውጥቶ መናገርን መፍራት፥ ፈተናን መፍራት፥ ሰው ምን ይለኛል ብሎ መፍራት። ተጠያቂው ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «ፈጽሞ አልስማማም» ካሉት አምስት መልሶች አንዱን ይመርጣል። በእኛም አገር 1986 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ነገር የተለወጠበት ዓመት ነው፤ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ያዘዘው ያን ጊዜ ነውና። (ከመካከላችን አንዱ ሁለቱ 1986ቶች በስምንት ዓመት እንደሚራራቁ ረስቶ በረቂቁ ላይ «በዚያው ዓመት» ብሎ ጽፎ ነበር፤ መምህራችን ስቀው ሰረዙለት።)

መለኪያው የተሠራው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ለሚማሩ ወጣቶች ነው። ወደ ዐማርኛ መልሰን ለአራተኛ ክፍል ልጆች ስናነብ ነገሩ ተበላሸ። ቋንቋውን ከእናቱ ከተማረ ሰው ጋር ስትነጋገር ምን ይሰማሃል ይላል፤ የመርሳ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው የት አግኝቶ ያውቃል? ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት መውሰድን ይጠይቃል፤ ልጁ ግን የሚወስደውንም የሚተወውንም መርጦ አያውቅም። «መሳሳት አያስጨንቀኝም» የሚለውን «አልስማማም» ብሎ ለመመለስ ደግሞ ሁለት አፍራሽ ቃል ማጣጣት ያስፈልጋል፤ እኛ ራሳችን ስንሞላው ሁለቴ ተሳስተናል።

ከሁሉ የከፋው «ጭንቀት» የሚለው ቃላችን ነበር። አንዲት ልጅ «ትጨነቂያለሽ?» ብንላት «አዎ፥ እናቴ ታማለች» አለችን። ወንዶቹ ደግሞ «ትፈራለህ?» ሲባሉ ደረታቸውን ነፍተው «አልፈራም!» አሉ። ከዩኒቨርሲቲ መጣን የሚሉ እንግዶች ወረቀት ይዘው በጓደኞቹ ፊት ፈሪ ነህ ወይ ሲሉት፥ ሌላ ምን እንዲል ኖሯል? ፍርሃትን የሚለካው ወረቀት ራሱ የሚያስፈራ ሆነ።

ስለዚህ ወረቀቱን አጥፈን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አንድ ልጅ ተነሥቶ እንዲያነብ ታዘዘ። ቢላዋ ማለት የሆነውን የእንግሊዝኛ ቃል አገኘና «ክኒፌ» ብሎ አነበበ። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። ልጁ ግን ምን አጠፋ? ፊደላችን የተጻፈውን ሁሉ አንብብ ብሎ አስተምሮታል፤ ተጽፋ የማትነበብ ፊደል እንዳለች ማንም አልነገረውም። ያነበበው በታማኝነት ነው። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም።

ይህንኑ ልጅ ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር አገኘነው። ከደሴ የሚመጣ አውቶቡስ ሲቆም ማንጎውን በሳህን ይዞ ከመስኮት መስኮት ይሮጣል፤ ዋጋ ይጠራል፥ ይከራከራል፥ ከማያውቀው ሰው ጋር ይቀልዳል። ዓይን አፋር ነው የሚል ካለ መርሳ ወርዶ ይየው።

እንግዲህ የሚያስፈራው የቋንቋው ባዕድነት ነው እንበል? የወሎ ልጅ ግን ባዕድ ቋንቋ አዲሱ አይደለም። አንዱ በቁርኣን ቤት በዐረብኛ ይቀራል፤ ሌላው በቄስ ትምህርት ቤት በግእዝ ዳዊት ይደግማል፤ ሁለቱም ትርጉሙን ገና ሳያውቁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። በዚያ አለንጋ የለም አንልም። ነገር ግን ልጁ ድምፁን የሚያወጣው ከባልንጀሮቹ ድምፅ ጋር ነው፤ ቢሳሳት የሰማው መምህሩ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛው ክፍል ግን ብቻውን ይቆማል፤ የሚሰማውም የሚስቀውም ክፍሉ ሁሉ ነው። የምንመረምረው ይህንን መሆን አለበት ብለን እናምናለን፤ ቋንቋውን ሳይሆን ብቻ መቆሙን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱን ዘለን ማለፍ አንችልም። መጠይቁ የልብ መምታትን ይቆጥራል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት እጅ ነበረች፤ በክልሉ በ2015 ዓ.ም. በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆዩ። ያን ጊዜ ያየ ልጅ በር በኃይል ሲዘጋ ልቡ ቢመታ፥ እኛ «የውጭ ቋንቋ ፍርሃት» ብለን በሠንጠረዥ ልናስገባው ነው? ትምህርት አቋርጠው የተመለሱት ደግሞ ከታናናሾቻቸው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየን፤ ቁመታቸው ብቻውን ያሳፍራቸዋል። ይህ ሁሉ ለየብቻው ካልተጠየቀ ቁጥራችን ውሸት ይሆናል።

ልንወጣ ስንል አንድ መምህር በር ላይ አስቆሙን። «ልጆቹን ብቻ ለምን ትጠይቃላችሁ? እኔንስ?» አሉን። እንግዳ ክፍል ሲገባ እንግሊዝኛቸው እንደሚጠፋቸው፥ ያን ዕለትም እኛን ፈርተው ልጁን ቶሎ እንዳላረሙት ነገሩን። መልስ አጣን። ይህን ጥናት በእንግሊዝኛ ቆመን ማስረዳት ሲመጣ የእኛም ምላስ እንደሚተሳሰር እናውቃለንና።

አሁን ያሰብነው ይህ ነው። ቃላቱን ከልጆቹ አፍ እንሰበስባለን፤ «ሆዴ ይባባል»፥ «ምላሴ ይያዛል»፥ «ያሳፍረኛል» ይላሉ እንጂ «እጨነቃለሁ» አይሉም። አምስቱን ደረጃዎች ወደ ሦስት የፊት ሥዕሎች እናወርዳለን። እያንዳንዱን ልጅ ከክፍል ውጭ፥ ከጨዋታ በኋላ፥ ወላጆቹ ፈቅደው እንጠይቃለን፤ እምቢ ካለም እንተወዋለን። መምህራኑንም እንጨምራለን፤ በዚህ ሥራው እጥፍ ይሆናል፥ ጊዜውም ይረዝማል፤ አማካሪዎቻችን ይህን አስቀድመው እንዲያውቁልን እንለምናለን።

የሀብሩን አነጋገር ከቤቱ የሚያውቅ ተማሪ በመካከላችሁ ካለ፥ የዐማርኛውን ረቂቅ ከእኛ ጋር እንዲያርም እንፈልገዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ክፍል እንገኛለን።