ልጆቻችን፣ መርከቡና መጠጡ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከባልቲሞር ወደብ በመዝናኛ መርከብ ከነቤተሰባችን ለመጓዝ ዕቁብ መጣል ከጀመርን ሰነበትን። የዕቁቡን ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የጉዞውም ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ከሁሉ የበዛው ጥያቄ ስለ ክፍል ወይም ስለ ምግብ እንዳይመስላችሁ። «ልጄ 19 ዓመት ሞልቶታል፤ መርከቡ ላይ ቢራ ይሸጡለታል ወይ? ቢሸጡለትስ ምን ልበለው?» የሚል ነው። ዛሬ የምናገረውም በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ደንቡን እንይ። በአሜሪካ የመጠጥ ዕድሜ 21 የሆነው በ1984 በወጣው ሕግ ምክንያት ነው። ሕጉ ዕድሜውን ወደ 21 ከፍ ያላደረገ ክፍለ ግዛት ከፌዴራል የመንገድ ገንዘብ እንዲቀነስበት ስላደረገ ሁሉም ተስማሙ። ልጆቻችን ግን «መርከቡ የተመዘገበው በባሃማስ ወይም በፓናማ ነው፤ ከዳርቻው 12 የባሕር ማይል ካለፈ የአሜሪካ ሕግ አይመለከተንም» ይሉናል። ስለ ምዝገባውና ስለ ርቀቱ የሚሉት ውሸት አይደለም። ነገር ግን ቲኬት ስንገዛ የኩባንያውን ደንብ ተቀብለን ነው፤ ያ ደንብ ደግሞ ባሕሩ መካከልም አብሮን ይሄዳል።

ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ከአሜሪካ በሚነሱ ጉዞዎች ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ አይሸጡም፤ ወላጅ ቢፈቅድም አይሸጡም። ያው ሮያል ካሪቢያን ከአውሮፓ ሲነሳ ዕድሜው 18 ነው። ስለዚህ አውሮፓ ያለች እህታችሁ «የእኔ ልጅ ጠጥቷል» ብትላችሁ እውነቷን ነው፤ የእናንተ ጉዞ ግን ሌላ ነው። ኖርዌጂያን ደግሞ ከ18 እስከ 20 ላሉ ወጣቶች አብሯቸው የሚጓዝ ወላጅ በፊርማው ከፈቀደ ወይንና ቢራ ብቻ ይፈቅዳል። ጠንካራ መጠጥ አይጨምርም፤ በአላስካና በሃዋይ ጉዞዎችም አይሠራም። ደንብ ስለሚለወጥ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የየኩባንያውን ጽሑፍ እንደገና ማንበብ አለብን።

መርከቡ ላይ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ የክፍል ቁልፍም፣ መታወቂያም፣ የሒሳብ ደብተርም ነው፤ አስተናጋጁ ሲያሳልፈው ዕድሜው ይታየዋል። የልጁ ወጪ ግን የሚወርደው በእናቱ ክሬዲት ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ ስትሳፈሩ በልጆቹ ካርድ ላይ የወጪ ገደብ እንዲደረግላችሁ የእንግዳ መቀበያውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። የመጠጥ ፓኬጅ የሚባል አለ፤ በቀን የተወሰነ ከፍሎ መጠጣት ነው። በካርኒቫልም በሮያል ካሪቢያንም በአንድ ክፍል ካሉት አዋቂዎች አንዱ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ፣ ዕድሜያቸው 21 የሞላ የክፍሉ ሰዎች ሁሉ መግዛት አለባቸው። የ22 ዓመት ልጇን አስከትላ በአንድ ክፍል የምታድር፣ መጠጥ የማትቀምስ እናት ልጇ ከገዛች እርሷም ትከፍላለች ማለት ነው። ለምሳሌ ዋጋው በቀን 70 ዶላር፣ የአገልግሎት ጉርሻው 18 በመቶ ቢሆን በቀን 82 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። ለ7 ቀን 578 ዶላር ከ20፣ ለሁለት ሰው 1,156 ዶላር ከ40 ነው። አንዱ መጠጥ 14 ዶላርና ጉርሻው ቢሆን፣ ይህ ገንዘብ እንዲያዋጣ እያንዳንዳቸው በየቀኑ ከአምስት መጠጥ በላይ መጠጣት አለባቸው። መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ እኛ ከተማ ስንዞር የምናሳልፈው ቀንም ተቆጥሮ ነው። እህቶቼ፣ «ከፍዬበታለሁ» የሚለው ቃል ሰውን ከፍላጎቱ በላይ ያስጠጣል፤ ወጣትን ደግሞ ይብሳል።

ከዚህ የሚከብደው የወደቡ ነገር ነው። በባሃማስና በሜክሲኮ የመጠጥ ዕድሜ 18 ነው። የ19 ዓመቱ ልጅ ከመርከብ ወርዶ ናሳው ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ሊጠጣ ይችላል፤ እኛ ባላየነው ቦታ፣ ከማናውቀው ሰው ጋር። መርከቡ ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል እንጂ የሰከረ ልጅ አይጠብቅም። የገዛውንም ጠርሙስ መርከቡ ተቀብሎ ያስቀምጥበታል፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው አልኮል ይዞ ወደ አሜሪካ መግባትም አይፈቀድለትም። ዜግነት ገና ላልወሰደ ልጅ ደግሞ በሰው አገር ከፖሊስ ጋር መጋጨት የሚያመጣው ጣጣ ለሌላው ቀላል ከሚመስለው ይበልጣል።

«እኛ ልጆች ሆነን ጠላ በበዓል እንቀምስ አልነበረም ወይ?» የምትሉ አላችሁ። እንቀምስ ነበር፤ ግን አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሁሉ እያየን ነበር። ደግሞም አገር ቤት ሳይቀር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። «የፈረንጅ ደንብ ነው» ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በሴቶች ማኅበር ውስጥ ካልተነገረ የት ይነገራል? ወንዱ ልጅ ሲጠጣ «ጎረመሰ» ብለን እንስቃለን፤ ሴቷ ስትጠጣ ስሟን እናነሳለን። ይህን ያየች ልጅ መጠጣቷን አትተውም፤ ከእኛ መደበቅን ትማራለች። ችግር ሲገጥማት ደግሞ የምትደውለው ለእኛ ሳይሆን ለማታውቀው ሰው ይሆናል። ስለዚህ የምናወጣው የቤት ደንብ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ይሁን።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ ልጆቹን ቁጭ አድርጎ ያነጋግር። የመርከቡን ደንብ ራሳቸው ያንብቡት፤ ሥራ ሠርተው ግብር የሚከፍሉ ልጆች ናቸው፣ እንደ ሕፃን አናዋርዳቸው። ማንም ወላጅ ከራሱ ብርጭቆ ለልጁም ለሌላው ልጅም አያቅምስ፤ ኩባንያው ቤተሰቡን ከመርከብ እስከ ማስወረድ ሊደርስ ይችላል፣ የዕቁብ ገንዘባችንም በዚያው ይቀራል። ወደብ ላይ ልጆቹ ለብቻቸው አይውረዱ፤ ሦስት ሦስት ሆነው፣ የመመለሻ ሰዓት ተቆርጦላቸው ይውረዱ። ከሁሉ በላይ ይህን ቃል እንስጣቸው፦ «ምንም ቢፈጠር፣ ጠጥተህም ቢሆን ጠጥተሽም ቢሆን፣ መጀመሪያ ለእኔ ደውሉ። ቁጣው ይቆየናል፤ መጀመሪያ እመጣለሁ።»

የጉዞው ዝርዝር ሒሳብ በሻዩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የመጠጥ ፓኬጁን ለብቻው ስለጻፍኩት ከፈለጋችሁ ሰርዙት።