ለአደን የት እንሂድ?
በማህበራችን የብር ኢዮቤልዩ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር



የጉዞ ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ አዳኝ ሆኜ አይደለም። እዚህ ናይሮቢ ሱቄ ውስጥ ወደ ጫካ ለሚወጡ ሰዎች ስንቅ፣ ጀሪካንና ባትሪ ስሸጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የሄዱትም ሲመለሱ የሚያወሩትን እሰማለሁ።

ለበዓሉ አብረን እንውጣ ሲባል አንዳንድ ወንድሞች አደን ይሁን ብለዋል። አልፈርድባቸውም፤ አንበሳና ዝሆን ለገደለ ሲፎከርለት እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ነገር ግን በኬንያ አደን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ስለዚህ አደን ካልን ድንበር መሻገር አለብን፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቅርቡ ታንዛኒያ ነው። በናማንጋ አድርጎ አሩሻ በአንድ ቀን ይገባል። በብሔራዊ ፓርኮቹ ውስጥ ግን አይታደንም፤ ለአደን የተከለለ ቦታ፣ ፈቃድና ባለሙያ አዳኝ ያስፈልጋል። ለአንበሳና ለዝሆን ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የነበረው ፈቃድ 21 ቀን የሚያስቆይ ነው። ለጎሽና ለሌላው የሜዳ እንስሳ አጭር ፈቃድ አለ። መሣሪያ የማይዘው ሰውም በአዳኝ ሰፈር ሲያድር በየቀኑ የተመልካች ክፍያ ይጠየቃል። ባልየው ሊያድን ሲሄድ ሚስትና አራት ልጅ እዚያ ተቀምጠው፣ የገንዲ ዝንብ እየነከሳቸው፣ ለመቀመጣቸው ይከፈላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአምቦሴሊ ዝሆኖች ድንበር አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ ታንዛኒያ ከተሻገሩት በአዳኝ ጥይት የወደቁ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዚያ ወገን ዝሆን ሳይታደን ረጅም ዘመን ቆየ፤ በ2023 እና በ2024 ግን እንደገና ተገደሉ። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ጉዞ ያዩትን ዝሆን እኛ ተሻግረን ስንገድል ምን ብለን እንደምንነግራቸው አላውቅም።

ኡጋንዳ አደንን እ.ኤ.አ. በ1979 ከልክላ፣ በ2001 በምቡሮ ሐይቅ አካባቢ እንደገና ጀምራለች። አዳኙ ከፓርኩ ውጭ ሲያድን ቤተሰቡ በሐይቁ ላይ በጀልባ ይሄዳል። ለእንደኛ ዓይነቱ ድብልቅ ቡድን ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነበር፤ መንገዱ ግን ለሕፃናትና ለአረጋውያን በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው።

አገራችን እንሂድ ያላችሁም አላችሁ። በአሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በባሌና በአርሲ ከፍታ፣ በብርድ፣ በእግርና በፈረስ የሚፈለግ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ እንስሳ፣ በሺህ በሚቆጠር ዶላር። የማህበር ሽርሽር አይሆንም።

ስለ ምግቡም እናስብ። ተተኩሶ የወደቀውን፣ ደርሶ ቢላዋ ካልነካው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አልበላም የሚል ብዙ አለ። ከርከሮና የሜዳ አህያ ደግሞ ጭራሽ አይነሳ። የልጆቹ ዕረፍት በኦገስት ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ፍልሰታ ነው። እናቶቻችን ውሃና ሽሮ ይዘው ጎሽ ሲጠበስ ይመልከቱ?

ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። ከመካከላችን በስደተኛ ወረቀት የሚኖሩ አሉ። የጉዞ ሰነድ የሌለው በናማንጋ ማለፍ አይችልም፤ ቢሞክርም ተይዞ የሚጎዳው እሱ ነው። ማህበሩ ሲቋቋም በየቤቱ እየዞሩ መዋጮ ከሰበሰቡት መካከል እንዲህ ያሉ ወንድሞችና እህቶች ነበሩበት። በእነሱ መዋጮ የቆመ ማህበር በዓሉን ከድንበር ማዶ አክብሮ እነሱን እዚህ ይተዋቸው?

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማደን የሚፈልጉ ወንድሞች በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ጊዜ፣ ከጥቅምት በፊት ወደ ታንዛኒያ ይሂዱ፤ ጎሽ ይበቃቸዋል፣ ዝሆን ይቅር። የማህበሩ ጉዞ ግን ናይቫሻ ይሁን። ከዚህ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጠገቡ ያለው ሄልስ ጌት ፓርክ በእግርና በብስክሌት የሚገባበት ነው፤ ልጆቹ ቀጭኔንና የሜዳ አህያን ያለ መኪና መስኮት ያያሉ። ጎሽም ስላለ ከአስጎብኚው እንዳይርቁ። ወደ ገደሉ ግን ዝናብ ካለ ማንም አይውረድ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2019 ድንገተኛ ጎርፍ ሰው ገድሏል።

ቀኑ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ቢሆን መልካም ነው። በጉ ከዚህ ታርዶ ይሂድ፤ ለሙስሊም ወገኖቻችን በእነሱ እጅ የታረደ ለብቻው ይያዝ። ስማችሁንና የልጆቻችሁን ቁጥር ለጸሐፊያችን ስጡ። ስንቁን እኔ በመጣልኝ ዋጋ አቀርባለሁ፤ በርበሬውን ግን ከአሁኑ ካልነገራችሁኝ ከአዲስ አበባ አይደርስም።