ስለ አንዲት ታናሽ ቀንድ አውጣ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ታላላቅ አራዊት አይደለም፤ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም ስለማትበልጥ ስለ አንዲት ቀንድ አውጣ ነው። ሊቃውንት ቴባ ፒሳና ይሏታል። ቅርፊቷ ነጭ ሆኖ ብዙ ጊዜ ቡናማ መስመር ይዞርበታል። የትውልድ አገሯም የሜዲቴራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው።

በዚያ አገር በጋው ደረቅ፥ መሬቱም እንደ ምጣድ የሚግል ስለ ሆነ፥ ይህች ፍጥረት ነፍሷን የምታድንበት ዘዴ አላት። ሙቀቱ ሲበረታ በሣር አገዳና በአጥር እንጨት ላይ ትወጣለች፤ ከዚያም የቅርፊቷን አፍ በልጋጓ ዘግታ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ሳትበላ ትተኛለች።

እንግዲህ ለእርሷ መድኃኒት የሆነው ይህ ጠባይ ለሰው መከራ ሆነ። ተጣብቃ የተኛችበት ዕቃ ወይም ችግኝ በመርከብ ሲጫን እርሷም አብራ ተሻገረች። በዚህም ዓይነት ደቡብ አፍሪቃ፥ አውስትራልያና አሜሪካ ደረሰች።

በደቡብ አውስትራልያ ስንዴና ገብስ በሚታጨድበት ወራት ቀንድ አውጣዎቹ በአገዳውና በዛላው ላይ ተሰቅለው ይገኛሉ። ማጨጃው መኪና እነርሱን ከእህሉ ለይቶ አያውቅም፤ ሲደቈሱ ወንፊቱ ይደፈናል፥ እህሉም ይበላሻል። ገበሬው የደከመበት ምርት ዋጋው ዝቅ ይልበታል፥ ወይም አልቀበልም ተብሎ ይመለስበታል።

ገበሬዎቹም ጠባይዋን አጥንተው በራሷ ዘዴ ያጠቋት ጀመር። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚበልጥበት ቀን፥ ከአጨዳ በኋላ በቀረው አገዳ ላይ ከባድ ሰንሰለት ይጎትታሉ፤ ከአገዳው የወደቀችው በጋለው መሬት ላይ ትሞታለች። የተረፈችውንም ዝናብ ሲጀምር እንቍላል ሳትጥል በመርዝ ያጠምዷታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ይቀንሷታል እንጂ አያጠፏትም።

በካሊፎርንያ ግን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ላ ሆያ በተባለው ስፍራ በተገኘች ጊዜ፥ የያዘችው ቦታ ገና ጠባብ ነበርና በእሳትና በመርዝ ተዋግተው አጠፏት። ዳሩ ግን በ1985 በዚያው በሳን ዲዬጎ አውራጃ እንደ ገና ተገኘች። ጥበቃ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አድማጮቻችን ሆይ፤ አንበሳ ከተማ ቢገባ ሁሉ ይጮኻል። ይህችን ግን አስቀድሞ ሊያያት የሚችለው በወደብ ቆሞ የሣጥኑን ሥር ገልብጦ የሚመለከት አንድ ተቈጣጣሪ ነው። እርሱ ሳያይ የፈረመባት ወረቀት በሩቅ መንደር ላለ ገበሬ የዕድሜ ልክ ዕዳ ትሆናለች። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ደኅና አምሹ።