ከመድረኩ በፊት የልምምድ ክፍሉ

ከደሴ ሰፈሮች ከሆጤና ከሸዋ በር፣ ከቧንቧ ውሃና ከገራዶ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የ2018 ዓ.ም. የትርዒትና የሥልጠና ወቅታችንን አብራችሁን ልትከፍቱ በመምጣታችሁ በዚህ የሰፈር የኪነ ጥበብ ቤት ባልደረቦች ስም ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው መልእክቴ አንድ ነው። የሰፈር የኪነ ጥበብ ቤት የሚመዘነው በልምምድ ክፍሉ ነው። ሰው በመድረክ ላይ አይቶ የሚያጨበጭብለት ሁሉ እዚያ፣ በተዘጋ በር ውስጥ፣ ሲወድቅና ሲነሣ የተሠራ ነው። እዚያ ያልተሠራውን መጋረጃም መብራትም ስፒከርም አይሞላውም። ስለዚህ ዘንድሮ በቅድሚያ ያቀድነው ሥልጠናዎቹን ነው፤ ትርዒቶቹ ከሥልጠናዎቹ የሚወለዱ ይሆናሉ።

የሀገራችን የመድረክ ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የፋሺስት ጦር ሊወርረን ይዘጋጅ ነበር፤ የማኅበሩም ሥራ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለሀገሩ መቀስቀስ ነበር። ከነጻነት በኋላ ያው ማኅበር የቴአትርና የሙዚቃ ቤት ሆነ። በዚያ ዘመን ተዋናይ የሚወጣበት ዩኒቨርሲቲ አልነበረንም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት የተጀመረው በ1970ዎቹ መባቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ጀማሪው የሚማረው ከነባሩ ጎን ቆሞ፣ አይቶና ሰምቶ፣ ተሳስቶና ታርሞ ነበር። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፅ ከወሊሶ ተነሥቶ በልጅነቱ የገባው ወደዚህ ዓይነት ቤት ነው። ሀገር ፍቅር ትርዒት ብቻ የሚያሳይ አዳራሽ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ያን ሁሉ ባለሙያ ከየት እናገኘው ነበር?

ወደ ራሳችን ወደ ወሎ ስንመጣ ታሪኩ ይበልጥ ይቀርበናል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በየቀበሌው፣ በየከፍተኛውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ጊሽ ዓባይን፣ እኛም ላሊበላ ኪነትን ይዘን ወጣን። ማሪቱ ለገሠ የአምባሰልን ዜማ ለመላው ኢትዮጵያ ያሰማችው ከዚህ ከወሎ መድረክ ተነሥታ ነው። እዚህ ካላችሁት ታላላቆቻችን መካከል በቀበሌ ኪነት ከበሮ የመታችሁ፣ በወጣትነታችሁ የተወዛወዛችሁ፣ ለኅብረ ዝማሬ የተሰለፋችሁ ብዙ እንደምትሆኑ አልጠራጠርም።

ስለዚያ ዘመን ስንናገር ሁለቱንም ጎን መናገር ይገባናል። ኪነት በትእዛዝ ይሠራ ነበር። ግጥሙ ምን እንዲል፣ ማንን እንዲያወድስ፣ ማንን እንዲያወግዝ ከላይ ይወሰን ነበር፤ ሳይወድ የተሰለፈም ብዙ ነበር። ይህንን ማንም እንዲመለስ አይመኝም። ሌላው ጎን ግን አለ። የቀበሌው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚሄድበት የልምምድ ቦታ ነበረው፤ የሚማርበት መሣሪያ ነበረው፤ ስህተቱን የሚያርመው ታላቅ ነበረው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አብዛኞቹ ቡድኖች ሲበተኑ ትእዛዙ ቀረ፤ እሰየው። ከትእዛዙ ጋር ግን ልምምዱም ቀረ። ጎበዝ ልጅ ዛሬም በየሰፈሩ አለ። የጠፋው ያ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ሄዶ የሚሠራበት ክፍልና የሚጠብቀው መምህር ነው። ይህ ቤት መመለስ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ሥልጠናውን ያለ ትእዛዝ።

ይህ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ቅርብ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱም ኑሯቸው ጎዳና ላይ የነበረ በርካታ የአዲስ አበባ ልጆችን አሠልጥኖ ካርሚና ቡራና የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ ሥራ በዳንስ መድረክ ላይ አወጣ። ነገሩ በአንድ ምሽት ጭብጨባ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ባላነሣሁት ነበር። ከዚያ ትርዒት በኋላ ግን ከልጆቹ የተመረጡት ለዓመታት የዘለቀ ሥልጠና ገቡ፤ አዱኛ የሚባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትርም ከዚያ ወጣ። የሠለጠኑትም በተራቸው አሠልጣኞች ሆኑ፤ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችንም አስተማሩ። ከእነርሱ መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በኋላ የራሳቸውን የዳንስ ቡድን አቁመው በዓለም መድረኮች ታዩ። ትርዒቱ በሩን ከፈተ፤ ልጆቹን ያቆማቸው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዕቅዳችን ልግባ።

ከጥቅምት እስከ ኅዳር የማሲንቆ፣ የክራርና የዋሽንት ሥልጠና ይሰጣል። የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺሆዬን ቅኝት ከስልክ ከመስማት አልፈው በጣታቸው የሚያውቁ ልጆች እንፈልጋለን። ባቲም አምባሰልም የእኛው ቦታዎች ናቸው፤ ቅኝቶቹን የሚያስተካክል ጆሮ ከእኛ ሰፈር ቢጠፋ ከማን እንበደራለን? ሠልጣኞቹ ማሲንቆ መሥራትም ይማራሉ። ቆዳ መወጠር፣ የፈረስ ጭራ ማዘጋጀት፣ በደሴ ብርድና ጭጋግ የላላውን ቆዳ አሙቆ ድምፁን መመለስ የሙያው አካል ነው።

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር የተውኔት ድርሰትና የትወና ሥልጠና ይቀጥላል። ሠልጣኞች ከራሳቸው ኑሮ የተነሡ አጫጭር ተውኔቶች ይጽፋሉ። ወደ ዐረብ ሀገር ሄዳ የተመለሰች እኅት፣ የታክሲ ተራ አስከባሪ፣ በሰኞ ገበያ የምትነግድ እናት በመድረካችን የራሳቸውን አነጋገር ይዘው ይቁሙ። በጥር መጨረሻ ተውኔቶቹን ለእናንተ እናሳያለን።

በየካቲት ልዩ ጥንቃቄ አድርገናል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በቀናት ልዩነት ተከታትለው ይገባሉ። በአንድ ግቢ ሁለቱም በሚጾሙበት በወሎ ይህ ለእኛ የአንድ ቤት ጉዳይ ነው። ስለዚህ የዘፈንና የጭፈራ ዝግጅት በዚያ ወቅት አይኖርም፤ ሥልጠናውም ወደ ጠዋት ይዛወራል፤ ማንም ልጅ ከኢፍጣር ሰዓት በኋላ እዚህ አይቆይም። በሃይማኖት አባቶቻችን ፈቃድና ምክር የበገና ትምህርት እንሰጣለን፤ የመንዙማ ግጥሞችንም ከሚያውቋቸው አባቶች አፍ እንቀዳለን። ታላላቆቻችን ተረትና የአካባቢ ታሪክ ሲነግሩንም እንቀርጻለን። ፀጥ ያለው ወቅት ለመስማትና ለመመዝገብ የተመቸ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት የልጆች ናቸው፤ ሰርከስ፣ ሥዕልና እስክስታ ይማራሉ። ጎን ለጎን ለወጣቶች የመብራት፣ የድምፅና የመድረክ አያያዝ ሥልጠና ይሰጣል። ብዙ ቦታ ጥሩ ተውኔት በመጥፎ ድምፅ ይበላሻል፤ ይህም እንጀራ የሚያበላ ሙያ መሆኑን ወጣቶቻችን ይወቁት። በሰኔ፣ ክረምቱ ሳይከብድ፣ ዓመቱን ሙሉ የሠራነውን በአንድነት እናቀርባለን።

በሁሉም ወራት የሚጸና አንድ ደንብ አለን። በየወሩ በአንድ ቅዳሜ የልምምድ ክፍሉ በር ይከፈታል። ያላለቀ ሥራ ታያላችሁ፤ ተዋናዩ ቃሉን ሲረሳ፣ አዘጋጁ ሲያስቆም፣ ትዕይንቱ ከመጀመሪያ ሲደገም ታያላችሁ። አስተያየታችሁንም እዚያው ትሰጣላችሁ። ከሌላ ከተማ የምንጋብዘው ባለሙያም ቢሆን ከትርዒቱ በፊት ግማሽ ቀን ከሠልጣኞቻችን ጋር እንዲሠራ ተስማምተናል። ስመ ጥር እንግዳ አምጥቶ አዳራሽ መሙላት ቀላል ነው፤ እንግዳው ሲሄድ በእጃችን ምንም ካልቀረ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።

ውድ ወላጆች፣ ለእናንተ ለይቼ የምለው አለኝ። ሴት ልጃችሁን ወደ መድረክ መላክ እንደሚያሳስባችሁ እናውቃለን። አዝማሪነት የተናቀበት ዘመን ረጅም ነበር፤ ፍርሃታችሁም ከዚያ የመጣ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ እስክትወጣ ድረስ በአዲስ አበባ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እርሷ ስትወጣ ለብዙዎች መንገዱ ተከፈተ፤ በተዋናይነትም በክራር ተጫዋችነትም ስሟ በክብር የሚጠራ ሆነ። እኛም የበኩላችንን እናደርጋለን። ልምምድ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ያልቃል፤ ማንኛዋም እናት፣ ማንኛውም አባት ሳያስፈቅድ ገብቶ ማየት ይችላል፤ በየሥልጠናው ሴት አሠልጣኝ ወይም ሴት አስተባባሪ አለች። ልጃችሁን አምጡ፤ ራሳችሁም ቁጭ ብላችሁ እዩ።

ለነባር ተጫዋቾቻችንም እንዲሁ። ዕድሜ ልካችሁን ሰው በግንባራችሁ ላይ በሚለጥፈው ሽልማት ኖራችኋል። እዚህ የምትመጡት መምህራን ሆናችሁ ነው፤ መምህር ደግሞ ደመወዝ አለው። የማስተማሪያ ክፍያችሁ በውል ይታሰራል፤ የምንቀርጸው ዜማችሁም ያለ ፈቃዳችሁ ከዚህ ቤት አይወጣም። ዕውቀታችሁን በነጻ ወስዶ ባህል ጠበቅኩ የሚል ቤት ባህሉን ሳይሆን ራሱን ነው የጠበቀው።

ሠልጣኞች ሆይ፣ ከእናንተ የምንጠይቀው በሰዓቱ መገኘትን ነው። ተሰጥኦ ይዛችሁ መጥታችኋል፤ የሚያሳድገው ግን ነገም፣ ከነገ ወዲያም ተመልሳችሁ መምጣታችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ በሰኔ መድረክ ላይ ትቆማላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ መብራት ትይዛላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ መድረክ የእናንተ ቦታ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ያም ትምህርት ነው፤ ጥበብን የሚያውቅ ተመልካች ለአንድ ከተማ ትልቅ ሀብት ነውና።

ክቡራትና ክቡራን፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ክራር፣ ከበሮ፣ የቆየ የኪነት ፎቶግራፍ ወይም ካሴት ያላችሁ አውሱን፤ ተቀርጾና ተመዝግቦ ይመለስላችኋል። ሙያ ያላችሁ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ስጡን። ሌላ የሚሰጥ ነገር የሌለው በክፍት ቅዳሜዎቻችን መጥቶ ያየውን በግልጽ ይንገረን።

የ2018 ዓ.ም. የትርዒትና የሥልጠና ወቅታችን ከዛሬ ጀምሮ በይፋ ተከፍቷል። ምዝገባው አሁን በልምምድ ክፍሉ በር ላይ ይጀመራል፤ አሠልጣኞቹ እዚያ ይጠብቋችኋል። ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌዎቻችንና የሃይማኖት አባቶቻችን እንደ ወሎ ወግ ተነሥተው እንዲመርቁን በአክብሮት እጋብዛለሁ።