ስለ ይዞታ፥ ስለ ካሳና ስለ ውል ትርጉም



አገራችን «በሕግ አምላክ» ሲሉት መንገደኛው የሚቆምበት አገር ነው። ሕግን ማክበር ግን የሕግን ቃል ከማወቅ ጋራ ካልተባበረ ሰውን ከጥፋት አያድነውም። በየመንደሩም ውል የሚያጽፍ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ፊደል ወደ ቆጠረው ሰው ነውና፥ የቃሉን ትርጉም ሊያውቅ የሚገባው ይልቁንም ጸሐፊው ነው።

ለዚህ ነገር የአዲስ አበባ ምሥራቅ ምስክር ነው። ቦሌ፥ ገርጂ፥ ኮተቤና ቡልቡላ ቀድሞ የገበሬ ማሳ ነበሩ። ከተማው በሰፋ ጊዜ ማሳውን በወረቀት «ሸጥሁ» ያለ፥ በዚያም ላይ «ገዛሁ» ብሎ ቤት የሠራ ብዙ ነው፤ ሕግ በጠየቀ ጊዜ ግን ወረቀቱ መከታ ያልሆነለት ጥቂት አይደለም።

ርስት በቀድሞው ልማድ ከአባትና ከእናት የሚወረስ የመሬት መብት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ደነገገ። እንግዲህ ባለይዞታ ማለት በመሬቱ የመጠቀም መብት ያለው ማለት ነው፤ ባለቤት የሚባለው ግን በላዩ ለሠራው ቤትና ላፈራው ንብረት ነው። ካሳም መንግሥት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ስለ ንብረቱና ስለ መፈናቀሉ የሚከፈል ነው እንጂ የመሬት ዋጋ አይደለም።

ውል ማለት ሰዎች በሕግ ፊት የሚተሳሰሩበት ስምምነት ነው። የተስማሙበት ነገር በሕግ የተከለከለ እንደ ሆነ ግን ምስክሩ ቢበዛም ውሉ አይጸናም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ በ1723ኛው ቁጥር ያዛል። ማንበብ የማይችል ሰው ያሳረፈው የጣት ምልክትም በውል አዋዋይ፥ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው በ1728ኛው ቁጥር ይናገራል።

ስለዚህ ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሰውዬው የይዞታ ማረጋገጫ አለውን? የሚሸጠው ቤት ነውን ወይስ መሬት? ጣቱንስ የሚያሳርፈው ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ነውን? መልሱ ካልቀና ብዕሩን ያኑር። ነገ ልጆቹ ከደጅ ከሚወድቁ ዛሬ ጎረቤት ቢቀየም ይሻላልና።