የጋባዥ ኃላፊነት

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተነሣንበት ጉዳይ በዚህ መድረክ ከሚሰሙት የአገር ጉዳዮች አጠገብ ሲታይ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፈተና ባለቀ ቁጥር በየኪራይ ቤቱ የምናደርገው የማታ ግብዣ ጠባያችንን ከፈተናው ይልቅ የሚገልጥ ስለሆነ፣ ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። ባለፈው ዓመት አምስት ሆነን በተከራየነው ቤት ግብዣ አደረግን። ለመጠጡና ለሙዚቃው ገንዘብ አዋጣን፤ ለእንግዳውና ለጎረቤቱ ደኅንነት ግን ማንም አላሰበም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ድምፁን እንድንቀንስ ሊለምኑን መጡ። በጓዳው በር ሲያልፉ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በጀርባው ተዘርሮ ሲያስታውክ አዩት። እኛ «ተኝቷል» ብለን የተውነውን ልጅ ፈጥነው በጎኑ አስተኙት፤ አፉን ጠረጉለት፤ እስኪነጋም ከአጠገቡ አልተነሡም። ልጁ ዳነ። እኛ ግን እንቅልፍ የነሣናቸው ሰው እንግዳችንን እንዳተረፉልን ስናስብ እስከ ዛሬ እናፍራለን።

ያን ልጅ ያጠጣነው እኛው ነን፤ ያውም «በሞቴ!» እያልን። ወላጆቻችን «በሞቴ» የሚሉት እንግዳው አፍሮ ሳይበላ እንዳይነሣ ነው። እኛ ይህን ደግ ልማድ ወስደን «በቃኝ» ያለውን ሰው ማስገደጃ አደረግነው። ሰውነት ግን አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ዝግታ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ቢራ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አያፋጥነውም። ደግሞም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከአዲስ ገቢ ጓደኞቻችን ብዙዎቹ ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው። ባለመደብሩ እንዳይሸጥላቸው የተከለከለውን እኛ በነፃ ብናድላቸው ምን ወዳጅነት ይባላል?

ስለዚህ ተመካክረን የሚከተለውን ወስነናል፤ እናንተም ብታስቡበት እንወዳለን።

አንደኛ፣ ጎረቤት ቀኑና የሚያበቃበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገረው። ለቅሶ የተቀመጠ ወይም የታመመ ሰው ካለ ግብዣው ይተላለፍ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላም ሙዚቃው ከግድግዳችን አይለፍ።

ሁለተኛ፣ ከጋባዦቹ ሁለቱ ከመጠጥ ይታቀቡና እንግዳውን ይጠብቁ። ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ይተኛ፤ ብቻውን አይተው፤ ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነም የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ። «ስማችን ይጠፋል» ብሎ መዘግየት ነውር ነው።

ሦስተኛ፣ ለጾመኛውና ለሙስሊም ወንድማችን የሚሆነው ምግብ ለብቻው በንጹሕ ዕቃ ይቅረብ፤ ውሃና ለስላሳም እንደ ቢራው በግልጽ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ የታክሲ ገንዘብ ከመዋጮው ይታሰብ። እኅቶቻችን በጨለማ ብቻቸውን አይሂዱ፤ ሁሉም በሰላም መግባቱ ሳይሰማ ጋባዥ አይተኛ።

ይህ ደስታችንን ይቀንሰዋል የሚሉ አሉ። እኛ ዘንድሮ ሞክረነዋል፤ ዘፈኑም ጭፈራውም አልጎደለም። ከሁሉ አስቀድመን የጋበዝነውም እኒያን እናት ነው። እስከ ሦስት ሰዓት አብረውን ተጫውተው፣ መርቀውን ወደ ቤታቸው ገቡ።