አንበሳው አይነክስም

(ለሚያዝያ 27 የድል በዓል ለወረታ ሠፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የአባቶቻችንን የጦር ልብስ ለብሰን ስንወጣ የሚከበንና የሚጠይቀን ብዙ ነው። ዛሬ ቁመን መልስ እንስጥ።

መጀመሪያ «ይህ ሁሉ ጠጉር የእናንተ ነው ወይ?» ትሉናላችሁ። አይደለም፤ የአንበሳ ጋማ ነው፤ ጎፈር ይባላል። ጎፈሬ ግን የሰው ጠጉር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን በዱር በገደሉ የተፋለሙ ብዙ አርበኞች ጎፈሬ አሳድገው ነበር። ከመካከላችን ጎፈሬውን ዕድሜ የወሰደበት አለ፤ ስለዚህ ጎፈር ደፋ!

«ለምዱን ማን ቀዳደደው?» ለምትሉም፦ ለምድ ከአንበሳ ወይም ከነብር ቆዳ ይሠራል፤ ከከፋይም ይሰፋል። ከጫፉ የሚንጠለጠሉት ቁራጮች የአውሬውን ቆዳ እግሮች እንዲመስሉ የተደረጉ ናቸው። ሰፊው አልተሳሳተም።

«ጎራዴው በቀኝ በኩል ምን ይሠራል?» ግራ እጅ ጋሻ ይይዛላ! ጎራዴው በግራ ቢታጠቅ ከጋሻው ጋር ይጋጭ ነበር።

«አይሞቅም?» ይሞቃል እንጂ! የፎገራን የሚያዝያ ፀሐይ ማን ያጣዋል?

«ታዲያ ወታደር ሁሉ እንዲህ ይለብስ ነበር?» የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው አብዛኛው ሰው የደንብ ልብስ አልነበረውም፤ ከቤቱ የለበሰውን ለብሶ፣ ስንቁን ይዞ የዘመተ ገበሬ ነበር። ጎፈር ይደፋ የነበረው አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀግንነቱ የተመሰከረለት ነበር። ዛሬ የመኮንን ማዕርግ ከትከሻው ላይ ይነበባል፤ የዚያን ጊዜ ከጎፈሩ፣ ከለምዱና በጋሻው ላይ ከተለጠፈው ብር ይነበብ ነበር።

ወገኖቻችን፣ ይህን ማንበብ የሚያውቁ ሽማግሌዎች እያነሱ ነው። ጎፈሩን ብል ይበላዋል፤ ታሪኩን ደግሞ ዝምታ። በየቤታችሁ የአያት ጎፈር፣ ለምድ ወይም ጋሻ ካለ ከእርጥበት ጠብቁት፤ ለመጣ ገዢ ሁሉ አትሽጡት። የማን እንደነበረ፣ የት እንደዘመተበት፣ በምን እንዳገኘው ሽማግሌ ሳያልፍ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። ስም የሌለው ጎፈር የአውሬ ጠጉር ብቻ ነው።

ልጆች፣ ቅረቡ፤ ጠይቁ፤ ዳስሱትም። ግን አትንጩት፤ ይኸ ጋማ ሁለተኛ አይበቅልም።